ቺዝ ያለው ችፕስ፦ ስለ ቺዙ ተጠይቆ ስለ ድንቹ የተጨቃጨቁበት ክር

ክር የምለው ኢንተርኔት ላይ አንድ ጥያቄ ተለጥፎ ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት እናት ካፌ የሚሸጠውን ቺዝ ያለበት ችፕስ ቤቷ መሥራት አምሯታል። ልጆቿ ነጋ ጠባ ይጠይቋታል፣ የካፌው ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ሞክራ ነበር። ድንቹ ዘይት ጠጥቶ ልፍስፍስ አለ፣ ቺዙም ከላይ እንደ ማስቲካ ተጎተተና ወዲያው ደረቀ። ፎቶ አያይዛለች፣ እውነትም ያሳዝናል። የትኛው ቺዝ ይሻለኛል ነው ጥያቄዋ። በቅንፍ ደግሞ ዘይቱ ገንፍሎ ምድጃዋን እንዳበላሸባት ጠቅሳ አለፈች። ይቺን በቅንፍ ያለች ነገር ያዙልኝ። መልስ ሰጪዎቹ አብዛኞቹ አላዩዋትም።

1ኛው መልስ በደቂቃ ውስጥ ገባ። ሰውየው እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ አይብ ሞልቶ ለቺዝ ብር ማፍሰስ ለምን አስፈለገ አላት። ትኩስ ድንች ላይ አይብ ፈርፍሮ ቅቤ ጠብ ማድረግ፣ በቃ። 2ኛዋ ወዲያው ደገፈችው፣ ሚጥሚጣም ጨመረችበት፣ የእናቷ ቤት ትዝ እንዳላትም ጻፈች። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ምግቡም ቢቀርብልኝ እበላዋለሁ። ግን የተጠየቀው ይሄ አልነበረም። ልጆቹ የሚፈልጉት የሚጎተተውን ነው።

3ኛው በትሕትና አረማቸው። አይብ እሳት ላይ ውሎ ቢያድር አይቀልጥም አለ፣ ምክንያቱንም አስቀመጠ። እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው በለስላሳ እሳት ይሞቃል፣ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። እንዲህ በኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ ነገር ካልሲየሙን አብዛኛውን ለአጓቱ ሰጥቶታል። የቀረው ፕሮቲን እርስ በርሱ ጠብቆ ይያዛል። ስለዚህ ሲያሞቁት ውሃውን ይለቅና ይደርቃል እንጂ አይፈስም። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ ግን የሚረጉት ሬኔት በሚባል ማርጊያ ነው፣ ካልሲየማቸውም ብዙው አብሯቸው ስለሚቀር ሙቀት ሲያገኛቸው ይላላሉ፣ ይጎተታሉ። ስለ አይብ ይሄን ያህል ያወቀው ሰውዬ ሥራው ምን ይሆን ብዬ ነበር፣ አልተናገረም።

4ኛዋ ከገበያ የተመለሰች ነው የምትመስለው። ሱፐርማርኬት ያሉትን ሁለቱን አነጻጽራ፣ ሞዛሬላው ለመጎተቱ፣ ፕሮቮሎኔው ለጣዕሙ ብላ ግማሽ በግማሽ አድርጊው አለቻት። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሸጠውን ለስላሳ ሞዛሬላ ግን ለሰላጣ ተይው፣ ውሃው ድንቹን ያበላሸዋል። ውሃን በጠላትነት ያነሳው የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው፣ ማንም ግን ልብ አላለውም።

5ኛዋ ዱባይ ናት። ሰው ቤት ስትሠራ ለማዳሟ ልጆች ይሄንኑ ስትሠራ እንደኖረች ትናገራለች፣ አጻጻፏም እጇ የለመደውን ሰው ነው። ቺዙን ደረቁን ከላይ ከመበተን ሶስ አድርጎ ማፍሰስ ይሻላል ባይ ናት፣ በተለይ ኦቭን ለሌለው ቤት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ ይቀልጣል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ይገባበታል፣ መልኩ ሳይቀየር ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋ ይታሻል። ከዚያ አንድ ኩባያ ወተት ቀስ በቀስ፣ እያማሰሉ። ላዛኛ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ቤሻሜል ነው። ወፈር ሲል ከእሳት ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ይወርዳል። ቺዙ የሚጨመረው ከወረደ በኋላ ነው፣ 100 ግራም ገደማ፣ በመፈግፈጊያ ተፈግፍጎ። እሳት ላይ እያለ ከገባ ቅባቱ ለብቻው ይወጣና ፕሮቲኑ ይቋጠራል። ፎቶው ላይ ያየነውም እሱን ነው ትላለች። ተፈግፍጎ በፕላስቲክ የሚሸጠውን ደግሞ አትወደውም፣ እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት ሲቀልጥ ይሻክራል።

ከዚህ መልስ ውስጥ እኔ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት መጨረሻ ላይ ያለችውን ነው። ሶሱ ላይ ከእነዚያ በብልጭልጭ ወረቀት ከተጠቀለሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ቺዞች አንዷን ጣል ማድረግ። እነሱ ሲመረቱ ቅባትና ውሃውን የሚያዋህድ ጨው ይገባባቸዋል፣ ያ ጨው ሌላውንም ቺዝ ሳይቋጠር ያቆየዋል። ሦስት ማዕዘኗ በየሰፈሩ ሱቅ አለች፣ ልጆችም ያውቋታል። እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላም ነበር።

6ኛው መጣ። ቀኑ አርብ ነው፣ በጾም ቀን የቺዝ ፎቶ መለጠፍ ምን ዓይነት ድፍረት ነው ብሎ ሴትዮዋን ገሠጻት። ቁጣው ከጥያቄዋ ይረዝማል። 7ኛዋ በአንድ መስመር ዘጋችው፦ በዓለ ሃምሳ ላይ ነን፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብ አይጾምም። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። 8ኛዋ ግን ነገሩን ወደ መልካም አዞረችው። የሰኔ ጾም ሲገባ ይጠቅማችኋል ብላ ድንችና ካሮት ቀቅሎ፣ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ፈጭቶ ቢጫ ሶስ ማድረግን አስተማረች። መልኩ ቺዝ ይመስላል፣ ጣዕሙም የሚጠላ አይደለም። አንዱ ከሥር ገብቶ፣ እንግዲህ ድንችን በድንች ልንበላ ነው ወይ ብሎ አሳቀን።

9ኛው ሰላምታም የለውም። ዓመታት ሆቴል ወጥ ቤት መጥበሻ ፊት የቆመ ሰው መሆኑን ተናግሮ፣ ሁላችሁም ስለ ቺዝ ታወራላችሁ፣ ጥያቄውን ግን ያነበበ የለም ብሎ ጀመረ። አነጋገሩ ያንገበግባል። 1ኛውን ስም ጠርቶ ባይሰድበውም አይቡን ይዞ እንዲቀመጥ ነግሮታል። ግን እውነቱን ነው። ዘይቱ ለምን ገነፈለ? ድንቹ እርጥብ ስለነበረ ነው። ከድንች አምስት እጅ አራቱ ገደማ ውሃ ነው፤ ሲጠበስ የሚንጣጣው ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ነው። ላዩ ላይ ሌላ ውሃ ከጨመሩበት መጀመሪያ ዘይቱ ይገነፍላል፣ ቀጥሎ ይቀዘቅዛል። በቀዘቀዘ ዘይት የሚጠበስ ድንች ሳይደርቅ ይለሰልሳል፣ ሲወጣም ዘይቱን ይዞ ይወጣል። እንዲህ የሆነ ድንች ላይ የትኛውም ቺዝ ቢጨመር ለውጥ የለውም።

አሠራሩንም ሰጠ፣ ያለ ማባበል። ድንቹ በጣት ውፍረት እኩል እኩል ይቆረጣል። ቀጭንና ወፍራም ከተቀላቀለ አንዱ ሲያርር አንዱ ጥሬ ይቀራል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ውሃው እስኪጠራም ይለቀለቃል። ያ ነጭ የሚወጣው ላዩ ላይ ያለው ስታርች ነው፣ ካልወጣ ድንቹ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይጠቁራል። ከዚያ ይጠነፈፋል፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ይዘረጋል፣ በሌላ ፎጣ ይታበሳል። አንዱን አንስተሽ ጣትሽ ላይ እርጥበት ከቀረ ገና ነው ይላታል። ጥብሱ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በመካከለኛ እሳት፣ 150 ወይም 160 ዲግሪ፣ አምስት ስድስት ደቂቃ፤ ውስጡ ይበስላል፣ መልኩ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ይወጣል፣ ተበትኖ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው በኃይለኛ እሳት፣ 180 እስከ 190፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ወርቅማ እስኪሆን። ቴርሞሜትር ለሌለው የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ መንከር በቂ ነው። ዝግ ያሉ ትንንሽ አረፋዎች ከከበቡት ለመጀመሪያው ደርሷል፣ አጥብቆ ከተንጣጣ ለሁለተኛው። አንድ ኪሎ ድንች ግማሽ ሊትር ዘይት ውስጥ በአንዴ የሚጨምር ሰው ደግሞ ቀቅሎ ቢበላ ይሻለዋል። ይሄኛው ለኔም የተጻፈ መሰለኝ።

ቺዙን በትኖ ክዳን መክደንንም ከለከለ። ክዳኑ ውስጥ የሚታመቀው እንፋሎት ያንን ሁሉ የተለፋበትን ቅርፊት መልሶ ያረጥበዋል። ኦቭን ያለው የላይኛውን እሳት ብቻ ለኩሶ ሁለት ደቂቃ ያስገባው፣ የሌለው የ5ኛዋን ሶስ ይሥራ። በክሩ ውስጥ ያመሰገነው እሷን ብቻ ነው፣ እሱም በሁለት ቃል።

10ኛው ያ የአይቡ ሰውዬ ነው፣ ተቀይሟል። እውቀት ያለ ጨዋነት ምን ያደርጋል፣ እዚህ የምንገባው ለመማማር ነው አለ። 11ኛዋና 12ኛዋ ከሱ ጋር ቆሙ፣ 13ኛው ከወጥ ቤቱ ሰው ጋር። አንድ ሦስት አራት መልስ ስለ ድንች ምንም የለውም፣ ስለ አነጋገር ነው። አወያዩ ገብቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ እስኪል ቀጠለ። ትንሽ የሚያናድደው፣ በዚህ ግርግር መሐል የ9ኛው መልስ ምስጋና ሳያገኝ መቅረቱ ነው። አክብሮ የመከረው 1ኛው መልስ ላይ ግን የልብ ምልክቱ ተደርድሯል።

18ኛው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ ችግር ይዞ መጣ። የዱባይዋ እህት በኋላ ላይ፣ ከመጥበስ በፊት 8 ደቂቃ መቀቀልም ይቻላል ብላ አክላ ነበር። ልጁ እንዳለችው ሞከረ፣ መሐሉ ጥሬ ሆነበት። 19ኛው መለሰለት፣ ከመላው ክር ደስ ያለኝም መልስ እሱ ነው። ዱባይ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ከፍ ስለምትል ከዚያም ያንሳል። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንን ያህል አይደለም። ስለዚህ ሰዓት ከማየት ሹካ መውጋት። ሹካው ሳይታገል ገብቶ ድንቹ ካልተሰነጠቀ ደርሷል። የመቀቀያው ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምርበት አለው፤ ድንቹ እየበሰለ እንዳይፈራርስ ይይዘዋል። ሽታውም ሲጠበስ ይጠፋል። ባቄላችን በደጋ ለምን ቶሎ እንደማይበስል ከዚሁ ጋር አያይዞ ነገረን፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች ስለ ፕሬዠር ኩከር ማውራት ጀመሩ። አለፍኳቸው።

22ኛዋ የግብርና ሰው ናት፣ ወደ ድንቹ ዓይነት ገባች። ለመጥበስ የሚሆነው ውሃው ያነሰ፣ ዱቄትማ ድንች ነው። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡትን ጃለኔ፣ ጉደኔ፣ በለጤ ዘረዘረች፣ በለጤ የወጣው በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም። ችግሩ ጉልት ላይ ድንች በስሙ አይሸጥም። ሻጯን ዝርያው ምንድነው ብትሏት የሻሸመኔ ነው ትላችኋለች፣ እሱም ከሻሸመኔ ከመጣ ነው። 23ኛው ለዚህ መላ አመጣ፦ አንድ ኩባያ ጨው በ11 ኩባያ ውሃ በጥብጦ ድንቹን መጣል። ዱቄትማው ይሰጥማል፣ ውሃማው ይንሳፈፋል። 24ኛዋ ጨውም እኮ ይገዛል ብላ ቀለደችበት። እሱ ግን ውሃው ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል ብሎ በቁም ነገር መለሰላት።

የግብርናዋ ሴት ሁለት ነገር ጨምራ ወጣች። ድንች ፍሪጅ አይገባም። በብርድ ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ሲጠበስ ሳይበስል ይጠቁራል፣ ይመራል። እንዲህ ሲጠቁር ደግሞ አክሪላማይድ የሚባለው ነገር ይበዛል፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች በተጠበሰና በተጋገረ ምግብ ውስጥ አገኘነው ብለው ዓለምን ያስደነገጡበት። ወርቅማ ሲሆን ማውጣት እንጂ ቡና እስኪመስል መጠበቅ የለም። አረንጓዴ የሆነውን ድንች ደግሞ ቆርጦ ጥሎ ሌላውን እበላለሁ ማለት አያዋጣም፣ በደንብ ካረነጓደደ ሙሉውን መጣል።

ከዚህ በኋላ አንዱ ድንችን ወደ አገራችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1858 ብሎ ብቅ አለ። ታዲያ ምን ይጠበስ ተባለ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ክር ይደብራል።

27ኛዋ ከሜሪላንድ ናት። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን፣ በትኩስ አየር የሚያበስለውን ኤር ፍራየር ግዙ፣ ዘይት ሁለት ማንኪያ ብቻ፣ 200 ዲግሪ፣ 15 እስከ 18 ደቂቃ። ምክሩ መጥፎ አይደለም። አነጋገሯ ግን ትንሽ ከላይ ነው፣ ዘይት ውስጥ የሚጠብስ ሰው ጤናውን የማይወድ አስመስላ ነበር። 28ኛው ከአዲስ አበባ ተነሳባት። መብራት ሲመለስ ልንገዛው ነው አላት፣ ዋጋውንም ጠየቃት፣ ከዚያ አገር ቤት የላክሽልንን ቁጠሪው እስከማለት ደረሰ። ይሄ አላስፈላጊ ነበር። 29ኛዋ፣ እሷም አሜሪካ ያለች፣ መሐል ገብታ ጠቃሚውን ብቻ ተናገረች። ኤር ፍራየር ውስጥ የተፈገፈገ ቺዝ ቀድሞ ከገባ ማራገቢያው ብን አድርጎ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ድንቹ ከበሰለ በኋላ፣ ሊወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቺዙን በስሱ ቆርጦ ማልበስ ነው እንጂ መበተን አይደለም።

ብራስልስ ያለው 30ኛው የ9ኛውን ሁለቴ ጥብስ ደገፈ። ቤልጂጎች የሚሠሩት እንደዚያው ነው፣ የድሮዎቹ ቤቶች ደግሞ በዘይት ሳይሆን በከብት ሞራ ይጠብሳሉ አለ። ወዲያው ሥጋ ቤት ሞራ በነፃ የሚሰጥበት ሰፈር የት ነው ተባለ። 32ኛዋ እስራኤል፣ አሽዶድ ናት። ሞራ ብትሉ እኛ ቤት ቺዝ አይገባበትም፣ በአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተት አይገናኙም ብላ አሳሰበች። ሽኒትዜል የሚባለው የሥጋ ጥብስ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች ላይ እንኳ ቺዝ የለም። ለወተት የተለየ መጥበሻ አላት፣ በልጆቿ ትእዛዝ እዚያ ላይ ትሠራዋለች። ይሄን ያህል ርቀት ላይ ያሉ ሰዎች በአንድ ድንች መነጋገራቸው ራሱ ደስ ይላል።

34ኛው መልስ አጭር ነው፣ ቢቻል ከላይ ቢሰቀል ደስ ይለኝ ነበር። ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም። ውሃው ከሥር ገብቶ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያ ይረጨዋል። እሳቱን ማጥፋት፣ ክዳን መግጠም፣ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት፣ ይዞም አለመሮጥ። ሲሊንደር ያለው ቫልቩን ይዝጋ። ድስቱን ከግማሽ በላይ በዘይት አለመሙላትም እዚያው ላይ አለ።

ጠያቂዋ የተመለሰችው 36ኛው ላይ ነው። ሁሉንም አመስግና፣ ድንቹን አድርቃ ሁለቴ እንደጠበሰች፣ ዘይቱ እንዳልገነፈለ ጻፈች። ሶሱን በሦስት ማዕዘኗ ሠርታዋለች። ፎቶው ላይ የድንቹ ጠርዝ ጠቆር ብሎ ሸካራ ሆኗል፣ ሶሱ ቀጥ ብሎ ወርዶ ሳህኑ ዳር ላይ ተኝቷል፣ አንድ የልጅ እጅም ከጎን ገብቶ ይታያል። ጨው ግን በዝቶባታል፤ ቺዙ ራሱ ጨው እንዳለው ረስታ ድንቹን ከመጥበሻ እንደወጣ ለብቻው ጨው ነስንሳበት ነበር። 9ኛው ሰውዬ መጣ። ጥሩ ነው አለ፣ ሌላ ምንም። ከሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ያለው የዘይት ወሬ ነው። ዋጋው፣ ደግሞ ስንት ጊዜ ይጠበስበታል የሚለው። 38ኛዋ በቀጭን ወንፊትና በነጠላ ጨርቅ ማጥለልን፣ ከብርሃን አርቆ ማስቀመጥን መከረች። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ሳይግል ከጨሰ ማብቂያው ነው፣ የዚያን ጊዜም ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ይጣላል እንጂ ሲንክ ውስጥ አይደፋም። አንዱ ሠርቼ ልሸጠው ነው፣ ስንት ብር ላድርገው ብሎ ጠየቀ፤ ስለ ዘይቱ ዋጋ ገና እየተማረረ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀበት።

41ኛዋ የተረፈ ችፕስ እንዴት ይሞቃል አለች። 42ኛው፣ የጨዋነቱ ሰውዬ፣ የአይቡ፣ መለሰላት፣ አሁንስ በደንብ። ማይክሮዌቭ ይተው፣ ያረጥበዋል። ደረቅ መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት፣ ያለ ዘይት፣ ድንቹ ሳይደራረብ ተበትኖ፣ አልፎ አልፎ እየተገላበጠ። ሶሱ ለብቻው፣ ሁለት ማንኪያ ወተት ተጨምሮበት በለስላሳ እሳት። ከዚያ በታች ያለው የኤር ፍራየር ማስታወቂያ ብቻ ነበር፣ አወያዩ አጠፋው።